ዝምተኛው አማችና የወይራ አፋፍ ጉድጓድ

በእኛ አገር ስብሰባ ሊበተን ሲል፣ ሰው ጋቢውን እያራገፈ ሲነሣ፣ ከሽማግሎቹ አንዱ የሚጥላት አንዲት አባባል አለች። ወጣቶቹ ሰምተው ይስቃሉ። እኔም መነሻዋን እስክሰማ ድረስ ስቄባት ነበር። የነገሩኝ አጎቴ ናቸው፤ ለእሳቸው ደግሞ አባታቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳቁ ከአፌ ጠፋ፤ ዛሬም ሳወራው ይሰቀጥጠኛል።

ወይራ አፋፍ የምትባል መንደር ነበረች። ሰዎቿ እህላቸውን በጎተራ ነበር የሚያኖሩት። አንድ ዓመት ግን እሳት ተነሣና ሰባት ጎተራ በአንድ ቀን በላ። ከዚያ ወዲያ የዘር ማሽላቸውን እንደ ቆላ ሰው ከመሬት በታች ሊያኖሩ ተስማሙ። የሁለት ሰው ቁመት የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረው፣ ጭድ አንጥፈው፣ የመንደሩን ዘር በሙሉ ከተው አፉን በድንጋይና በጭቃ ደፈኑት። አቆፋፈሩን ከአንድ መንገደኛ ነጋዴ ሰምተዋል። አከፋፈቱን ግን የነገራቸው የለም፤ እነሱም አልጠየቁም።

ስምንት ወር አለፈና ዝናብ ጣለ። ዘሩ መውጣት አለበት። የመንደሩ ዳኛ ግራዝማች ወልደየስ ሰውን ደጃቸው ላይ ሰበሰቡ።

የግራዝማች ልጅ አድማሱ የመንደሩ አፍ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለሰው የሚደርስ፣ ቀልደኛ፣ ደፋር ነው። ግን እሱ ካለ ሌላው ለመተንፈስም ተራ ይጠብቃል። ከሸንጎው ጫፍ ደግሞ ጥሩነህ ተቀምጧል። የግራዝማችን ልጅ ስንዱን ካገባ ገና አራተኛ ወሩ ነው። የቆላ ሰው ስለሆነ ያደገው በእህል ጉድጓድ መካከል ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የጉድጓድን ጠባይ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ታዲያ ምን ያደርጋል! ሲፈጥረው አፋር፣ በዚያ ላይ አማች። በእነሱ ወግ አማች በአማቱ ፊት ጋቢውን እስከ አፉ ተጠቅልሎ መሬት መሬቱን ያያል እንጂ አይናገርም።

«ዝናቡ እኛን አይጠብቅም» አለ አድማሱ ብድግ ብሎ። «ድንጋዩን አሁኑኑ እናነሣለን። እኔ እወርዳለሁ፤ እናንተ በገመድ ትስባላችሁ። ለምሳ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ያለው አለ?»

ጠየቀ እንጂ መልስ አልጠበቀም፤ ገመዱን እያነሣ ነበር። ግራዝማችም እንደ ወጉ፣ «ያልተናገረ ይናገር፣ ያልተናገረ ይናገር፣ ያልተናገረ ይናገር» አሉ፤ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ፣ በእጃቸው ከዘራቸውን እየፈለጉ።

ጥሩነህ ጋቢውን ከአፉ ዝቅ አደረገ። «እኔ እንኳ… በእኛ ቆላ ጉድጓድ ሲከፈት…»

«አማቻችን አፍ አለው ለካ!» አለ አድማሱ።

ሸንጎው በሳቅ አውካካ። ግራዝማችም ሳቁ። ጥሩነህ ጋቢውን መልሶ አፉ ላይ ጣለ። ሰው ወደ ጉድጓዱ ሲተም እሱ ወደ ቤቱ ሄደ። ስንዱ ገና ስታየው ደነገጠች።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ጉድጓዱን ሊከፍቱ ነው። ታፍኖ የከረመ ጉድጓድ ሳይናፈስ ከገቡበት ሰው ይገድላል። ተከፍቶ መዋል አለበት፤ ከዚያም የበራ ችቦ ይወርድበታል። ችቦው ከጠፋ ሰው አይገባም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ጀምሬ ነበር። ሳቁብኝ።»

«ይሳቁብሃ! ወንድሜ እኮ ነው የሚወርደው!» ነጠላዋን እንኳ ሳታነሣ ሮጠች። እሱም ተከትሏት ሮጠ።

ሲደርሱ ድንጋዩ ተነሥቷል፤ አድማሱ መሰላሉን ወርዶ ጨርሷል። «ኧረ ሙቀቱ ደስ ሲል!» የሚል ድምፁ ከታች ተሰማ። አንዴ አሳለው። ከዚያ ጸጥ አለ።

«አድማሱ!» ብሎ ተጣራ ጎረቤቱ ባዩ።

መልስ የለም።

«ተው እንጂ አንተ፣ ቀልድህን ተው!»

ቀልደኛነቱን ስለሚያውቁ ሳቁ። እንደገና ጠሩት። ሁለተኛው ሳቅ ግን አፋቸው ላይ ደረቀ። ባዩ አጎንብሶ አየና «ወድቋል!» ብሎ እግሩን መሰላሉ ላይ አሳረፈ።

«አትውረድ!»

ሰው ሁሉ ክው ብሎ ዞረ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከማን እንደወጣ ማመን አቃታቸው። ያ ድምፁ የማይሰማው አማች ባዩን ከወገቡ ነጥቆ መሬት ላይ ጣለውና፣ «አየሩ መርዝ ነው! እሳት አምጡ!» አለ። የበራ ችቦ በገመድ አሥሮ ወደ ታች ለቀቀ። ገና ግማሽ ሳይደርስ እልም አለ። ለኩሶ ደገመው፤ አሁንም ጠፋ። አንድም ነፋስ አልነበረም። የእሳቱን አጠፋፍ ያዩ ሰዎች ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ጥሩነህ ቅጠላም ቅርንጫፍ አስቆረጠና በገመድ እያወረደና እያወጣ ጉድጓዱን እንደ ወተት ናጠው። ሦስተኛው ችቦ ታች ደርሶ ሳይጠፋ ሲቀር ወገቡን በገመድ ታሥሮ ራሱ ወረደ። አድማሱን አወጡት። አንድም ቁስል አልነበረበትም፣ የተኛ ይመስላል። ሞቷል።

መጀመሪያ ላይ ያለቀሰ ሰው የለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር የኖረ ሰው፣ አሁን በፀሐይ፣ በዘመዱ መካከል፣ ስሙን ሲጠሩት ዝም አለ። እኔን በጣም የሚያስደነግጠኝ ይኸኛው ነው።

ግራዝማች ከሬሳው ቀና ብለው አማቻቸውን አዩት። «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ግራዝማች።»

«አውቀህ ልጄን አስበላኸው?»

ባዩ ዱላ ጨበጠ። ያኔ ስንዱ ከወንድሟ ሬሳ ላይ ተነሥታ ከባሏ ፊት ቆመች። «አባዬ፣ ሊናገር ጀምሮ ነበር። ሳቃችሁበት እኮ!»

ግራዝማችም ስቀዋል፤ የገዛ ሳቃቸው ትዝ አላቸው። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ጥሩነህም እግራቸው ላይ ወድቆ፣ «እኔስ ለአንድ ሳቅ ብዬ ዝም ማለቴ!» እያለ አለቀሰ። እውነቱን ነው፤ ጥፋቱ የእሱም ነበር።

ዘሩ ወጥቶ ተዘራ። አርባው ካለፈ በኋላ ጉድጓዱን ለከርሞ ዘር እናቆየው ወይስ በአፈር እንሙላው በሚለው ለመምከር ሰው እንደገና ተሰበሰበ። ግራዝማች በወር ውስጥ አርጅተዋል። እንደ ልማዱ ትልልቆቹ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ በእጃቸው ከለከሏቸው።

«ዛሬ ከጫፍ ነው የምንጀምረው» አሉ። «የሚያፍር ካለ ለጎረቤቱ በጆሮው ይንገረው፣ ጎረቤቱ ይናገርለት። ሰው ጀምሮ ሳይጨርስ የሳቀ ከሸንጎዬ ይወጣል።»

ከጫፍ ጀመሩ። አንዲት ባል የሞተባት ሴት ለጎረቤቷ ሹክ አለች፤ ጎረቤቷ ጮክ ብላ ተናገረችላት። አንድ መንተባተብ ያለበት ሸማኔ አንዲት ሐሳብ ለመጨረስ የቀኑን እኩሌታ ፈጀ። ግራዝማች እስኪጨርስ ዐይናቸውን አልነቀሉበትም። በመጨረሻ ባዩ ትዕግሥቱ አለቀና ተነሣ።

«ግራዝማች፣ ይበቃናል እኮ! የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ እነሱም ቢሆኑ በሕይወታቸው ተናግረው አያውቁም። እንበተን።»

ግራዝማች ወልደየስ እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ ባዩን በእጃቸው ወደ መቀመጫው መለሱትና እንዲህ አሉ፦ «ዝም ያለውን ሳትጠይቅ፣ ጉድጓድ አትዝለቅ።»