የቅዳሜዋ ለቅሶ

አንዲት አስታማሚ ነበረች፤ ስሟ ስመኝ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ፣ እማማ አስካለ የሚባሉ አዛውንትን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። በቀሩት ቀናት ትምህርቷን ትማራለች። እማማ አስካለ እግራቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ምርኩዛቸውን ይዘው እንኳ ከአልጋ እስከ ወንበር የሚደርሱት የስመኝን ትከሻ ተደግፈው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙትም በመስኮት ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን የልጅነት ጓደኞቿ ቅዳሜን ሐይቅ ዳር ሊውሉ ተቀጣጠሩና ስመኝንም ጠሯት። ልቧ ሸፈተ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቅዳሜ የራሷ ሆኖ አያውቅም። ግን ምን ብላ ትጠይቅ? «እርስዎ አልጋ ላይ ይዋሉ፣ እኔ ልዝናና» ይባላል? አፈረች። በእኛ አገር ደግሞ ማንም የማይከለክለው ፈቃድ አንድ ነው፤ እሱም የለቅሶ ነው።

ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ልትወጣ ስትል፣ «እማማ፣ አሁን ተደውሎልኝ ነበር፤ አክስቴ አረፈች። ነገ ቀብር ነው» አለች። አፏ ላይ የመጣችላት ያሳደገቻት፣ አብራት የምትኖረው አክስቷ ነበረች።

እማማ አስካለ ደረታቸውን መቱ። «እኔን! እናት የሆነችሽ የሺ? ሂጂ ልጄ፣ ለእኔ አታስቢ» ብለው አለቀሱ። ስመኝ እንባቸውን እያየች ወጣች። ያን ጊዜ እውነቱን ብትናገር ምን ነበረበት! አልተናገረችም።

ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ዋለች፤ ሳቀች፣ ዓሣ በላች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን የምታውቀው ምርኩዝ ደጃፉ ላይ ተደግፎ አየች። 

እማማ አስካለ ጎረቤት አስጠርተው፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው፣ በታክሲ፣ የየሺን ቤት እያጠያየቁ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ነበር። ድንኳን አላገኙም። «የሟች ቤት ይኸ ነው?» ብለው የጠየቁት ሟቿን ራሷን ነበር። አሁን ሟችና ለቀስተኛ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስመኝን ይጠብቃሉ።

በቁሟ የተቀበረችው አክስት ቀና ብላ አላየቻትም። የተናገሩት እማማ አስካለ ናቸው፤ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ነበሩ።

«ልጄ፣ ሐይቅ ልሂድ ብትዪኝ እከለክልሽ ነበር?»

«አፈርኩ፣ እማማ። እርስዎ ታመው፣ እኔ መደሰት…»

«ብትነግሪኝማ መርቄ እሸኝሽ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ያየኛል። አንቺ ግን ደስታሽን ደብቀሽ ሐዘን ሰጠሽኝ። አይቻት ለማላውቃት ሴት ስንሰቀሰቅ አደርኩ።»

ከሥራዋ አላባረሯትም። እሷም መምጣቷን አልተወችም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር በነገረቻቸው ቁጥር፣ እውነት መሆኑን ለማወቅ ዓይን ዓይኗን ያዩ ጀመር። ስመኝን ከቁጣ ይልቅ ያ አስተያየት አቃጠላት።

ሦስት ወር ሳይሞላ አክስቷ እውነትም በድንገት አረፈች። ረቡዕ ሊነጋ ሲል ነበር። ስመኝ ልትናገር ብላ በጠዋት ወደ እማማ ቤት ሄደች። ፊታቸው ስትቆም ግን «አክስቴ አረፈች» የሚለውን ቃል መድገም አቃታት፤ አንድ ጊዜ በከንቱ ጨርሳዋለቻ! የምታደርገው ቢጠፋት፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ውሃ አሙቃ እግራቸውን ማጠብ ጀመረች። እንባዋ ሳፋው ውስጥ ጠብ ጠብ አለ።

እማማ አስካለ አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት። ብዙ አዩዋት።

«ዛሬስ እውነት ነው?»

ስመኝ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«በይ ነጠላዬን አቀብዪኝ» አሉ እማማ አስካለ። «ቤቱን እንደሆነ አውቀዋለሁ።»

ሰውን የሚያስታምምም ሰው ነውና ይደክመዋል። ለራስ አንድ ቅዳሜ መፈለግ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ያችን ቅዳሜ በሌላው እንባ ማግኘት ነው። እናንተስ፣ በግልጽ ብትጠይቁ ከነምርቃቱ የምታገኙትን ነገር በውሸት ወስዳችሁ አታውቁም? ደግሞም አስቡበት፤ ሁሉም ሰው ሁለተኛ ጊዜ ነጠላውን አያነሳም።