መልሱ የእሷ ነው

በአንድ ወቅት፣ ባቡር በሰዓቱ ይመጣ በነበረበት ዘመን፣ በድሬዳዋ ብቻውን መዝፈን የማይሆንለት አንድ ዘፋኝ ነበር። ስሙ ሽመልስ ነው። ድምፁ ወፍራም፣ ሲወርድ ደግሞ ለስላሳ ነበር፤ ነገር ግን መድረክ ላይ ለብቻው ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋው ነበር። ከጎኑ ሴት ቆማ ስትቀበለው ሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ዕድሜውን ሁሉ በጥንድ ዘፈነ። የከተማው ሰው፣ «ስሙ ሺ መልስ፣ እሱ ግን አንዱንም ራሱ አይመልስም» እያለ ይቀልድበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል።

ይህ ሰው ባሌ ነበር። ከሞተ ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ታሪኩን የምጽፈው እንዳልረሳው ነው፤ ደግሞም እኔ ያልቻልኩትን እናንተ እንድትፈርዱልኝ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ዳምጠው የመጣ ቀን ነው። ዳምጠው ካሴቶቹን ይቀዳለት የነበረው ባለ ስቱዲዮ ነው። በመሳቢያ የተረፉትን ካሴቶች አንድ በአንድ ሊሰማ ሳሎን ተቀመጠ፤ እኔ ወጥ ቤት ነጭ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ድንገት የሽመልስ ድምፅ፣ «አንቺዬ!» ብሎ ተጣራ።

«አቤት!» ብዬ ተነሣሁ።

እጄን በሽርጤ እየጠረግሁ ሳሎን ስደርስ ዳምጠው ብቻውን ነው። ቴፑ ይዞራል። ዳምጠው አየኝ፣ አየሁት፤ መጀመሪያ እኔ ሳቅሁ፣ ከዚያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁለታችንም ዓይናችንን ጠረግን። በካሴቱ ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው ዘፈን ነበር። እኔ ቤተ ክርስቲያን በሄድኩበት አንድ ማለዳ ብቻውን ቀድቶት ኖሯል፦

ባቡሩም ሄደና ሐዲዱ ዝም አለ፣
ጠሪው እዚህ አለ፣ አቤት ባይ የት አለ?

ከዚያ «አንቺዬ!» ብሎ ይጣራና ዝም ይላል። በዝምታው ውስጥ ጠረጴዛውን በጣቱ ሲመታ ይሰማል፤ ዐሥራ ስድስት ምት። ከዚያ ሌላ ስንኝ፣ ሌላ ጥሪ፣ ሌላ ዝምታ። እንዲህ አራት ጊዜ።

«እትዬ አስካለ» አለኝ ዳምጠው፣ «ይሄ ያላለቀ ዘፈን አይደለም። አልቋል። የሚመልስ ድምፅ ብቻ ነው የጎደለው። አንድ ሴት ይስጡኝና ለሙት ዓመቱ በባቡር ሠራተኞች ክበብ አዳራሽ እናሰማዋለን።»

የካሴቱን ማቀፊያ ገልብጦ ሰጠኝ። ሽመልስ ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ከሰነፈ ወዲህ በሚጽፍበት በግራ እጁ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በተንጋደዱ ትልልቅ ፊደላት፣ ሦስት ቃል ጽፎበታል፦ መልሱ የእሷ ነው።

ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። ተውላጠ ስም በስም ፈንታ እንደሚገባ፣ ስሙ ቀድሞ ካልተጠራ ግን አንባቢ እንደሚሳሳት ለስንቱ ልጅ አስረድቻለሁ። ባሌ ይህን ያውቃል። ሆኖም ስትሮኩ ከመታው በኋላ መጀመሪያ የጠፉት ስሞች ነበሩ። ወንድ ሁሉ «እሱ»፣ ሴት ሁሉ «እሷ» ሆነበት። አብረውት የዘፈኑ ሴቶች ደግሞ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያዋ እትዬ ብርቅነሽ ናቸው። ሽመልስ በባቡር ጥገና ክፍል ብየዳ ሲሠራ እሳቸው የሠራተኞች ክበብ ስመ ጥር ዘፋኝ ነበሩ። አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ አብሯቸው የሚዘፍነው ሰው ቀረ። ሽመልስ የተሰበረ የማይክ ማቆሚያ በይዶ ሊያስረክብ መጥቶ ሲያንጎራጉር ሰሙት፤ ከነሥራ ልብሱ ጎትተው መድረክ አወጡት። ተራው ሲደርስ ቃሉ ጠፋው። ሌላ ዘፋኝ ብትሆን የእሱንም ስንኝ ዘፍና ትሸፍንለት ነበር። እሳቸው ግን ማይካቸውን ዝቅ አድርገው ዝም አሉ። ኦርኬስትራው ያንኑ ዜማ ደገመ፣ ደጋገመ። ሰው ማፏጨት ጀመረ። የክበቡ ኃላፊ ከመጋረጃው ጀርባ «ዝፈኚ እንጂ ሴትዮ!» ይላል። በሰባተኛው ዙር ሽመልስ አፉን ከፈተ፤ ፉጨቱም ጸጥ አለ። እትዬ ብርቅነሽ ለዚያ ዝምታ አንድ ወር ከመድረክ ታገዱ። ቅር አላላቸውም። «የደቻቱ ወንዝ እንኳ ዓመቱን ሙሉ አይሞላም፣ አሸዋ የሚሆንበት ጊዜ አለው» አሉት። «አንተም ዘፈንህ ውስጥ አሸዋ ተው፤ ሌላው ይሻገርበት።» ከዚያ ወዲህ ዝምታ የሌለበት ዘፈን ዘፍኖ አያውቅም።

ሁለተኛዋ ዚነት ናት። ሰባቱን ካሴት የሠራው ከእሷ ጋር ነው፤ አገር የሚያውቀውም በእነዚያ ነው። ሰው ሁሉ ባልና ሚስት ያደርጋቸው ነበር። ገበያ ስወጣ አንዷ ባለ ሱቅ ሁልጊዜ፣ «የሽመልስ ሚስት ዚነት ደህና ናት?» ብላ እኔኑ ትጠይቀኛለች። «ደህና ናት» እላታለሁ፤ ደህና ናትና። ጉሮሮውን በታመመ ጊዜ ሐኪሙ ለሁለት ዓመት እንዳይዘፍን ከለከለው። ያኔ ዚነት ስሟ ገንኗል። ካሴት አሳታሚ ከአዲስ አበባ ድረስ ሌላ ወንድ ዘፋኝ ይዞላት መጣ፤ ልጁ መልከ መልካም፣ ድምፀ መልካም። ዚነት ሻይ አጠጣቻቸውና፣ «ወንበሩ ሰው አለው» ብላ ሸኘቻቸው። ከዚያ ገበያ ወርዳ ጨርቅ ሸጠች። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር አንዲት ስንኝ አልዘፈነችም። ሽመልስ ድኖ ሲመለስ ድምፁ ሳስቶ ነበር፤ እሷ የራሷን ከእሱ በታች ዝቅ አድርጋ ዘፈነች። የመጨረሻዎቹ ሦስት ካሴቶች እንዲህ ተወለዱ።

ሦስተኛዋ ትርሲት ናት፤ የትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህርት፣ ከሁሉ ታናሽ። ሽመልስን ስትሮክ በመታው በአራተኛው ወር፣ መታመሙን ሳትሰማ፣ ለተማሪዎቿ የዘፈን ግጥም ልትጠይቀው መጣች። ያኔ አንደበቱ ታስሮ ነበር። ውሃ ሲፈልግ «በር» ይላል፤ በሩን ስከፍትለት ያለቅሳል፤ እኔም አለቅሳለሁ። ትርሲት ቁጭ ብላ ስታየው ቆየችና ሲያንጎራጉር ምላሱ እንደማይተሳሰር አስተዋለች። ከካሴቶቹ በአንዱ ዜማ፣ «ጋሽ ሽመልስ፣ ውሃ ላምጣ ወይስ ሻይ?» ብላ ዘፈነችለት። እሱም ቀና ብሎ በዚያው ዜማ፣ «ሻይ ይሁንልኝ፣ ስኳሩን አብዝተሽ» ብሎ መለሰ። ስኳር ሐኪም ከልክሎት ነበር። በአራት ወር የመጀመሪያው ትክክለኛ ቃሉ ስለሆነ ግን ሦስት ማንኪያ ጨመርኩለት። ትርሲት ወደ ዋና ከተማ የሚወስድ ዝውውር በእጇ ነበር፤ ደብዳቤውን መለሰችና በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች ሁለት ዓመት ሙሉ በዘፈን አናገረችው። እኔም ድምፅ ባይኖረኝ ከእሷ ተምሬ ወጡ ጨው አነሰው ወይ ብዬ በዜማ እጠይቀው ጀመር። ጎረቤት በአጥሩ ላይ ሆኖ ይስቅብን ነበር። ያ ሁለት ዓመት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ የሚል ሁለት ዓመት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱንም ቤቴ ጠራኋቸው። ምንም ሳልናገር ካሴቱን ከፈትኩት።

ሽመልስ የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፍኖ «አንቺዬ!» አለ። እትዬ ብርቅነሽ ከከዘራቸው ቀና ብለው «ወዬ!» አሉት፤ ትልቅ ለታናሹ እንደሚለው።

በሁለተኛው ጥሪ ዚነት «ወይ!» አለችው፤ እኩያ ለእኩያው እንደሚለው።

በሦስተኛው ትርሲት ቀስ ብላ «አቤት» አለች፤ ልጅ ለአባቷ እንደምትለው።

በአራተኛው ማንም አልተናገረም። የጣቱ ምት ብቻ ተሰማ፣ ዐሥራ ስድስት ጊዜ።

ካሴቱ ሲያልቅ ጽሕፈቱን አሳየኋቸው። ክርክሩ ተጀመረ።

«አቦ፣ ይሄማ ምን ያከራክራል!» አለች ዚነት። «ስቱዲዮ ውስጥ ለዳምጠው ‹እሷ ትግባ፣ እሷ ትውጣ› ሲል የኖረው እኔን ነው። እትዬ ብርቅነሽን እንደሆነ ዕድሜውን ሁሉ ‹እሳቸው› ነው ያላቸው። እሳቸው ቢሆኑ ‹የእሳቸው ነው› ብሎ ይጽፍ ነበር።»

«ከመድረክ በታች እሳቸው ነበርኩ» አሉ እትዬ ብርቅነሽ። «መድረክ ላይ ግን ‹አንቺዬ› ነበር የሚለኝ። ዘፈን ውስጥ እርስዎ የለም፣ ልጄ። ደግሞ ያንን ዝምታ ማን አስተማረው? እኔ የተውኩለትን ቦታ እኮ ነው መልሶ የተወው።»

«ቦታ መተውማ እኔም ትቻለሁ፤ ያውም ሁለት ዓመት።»

«ከሦስት ወር» አሉ እትዬ ብርቅነሽ። «በየሠርጉ ስትነግሪን ሰምተናል።»

ሳቅን። ትርሲት ብቻ ካሴቱን እያየች ነበር።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«እኔ ከእነሱ ጋር ልወዳደር አልችልም፣ እትዬ አስካለ። ግን ግጥሙ ‹ወዬ ባይ› አይልም፣ ‹ወይ ባይ›ም አይልም። ‹አቤት ባይ› ነው የሚለው። በዚያ ላይ ይህን ሲጽፍ የሚያውቀው ዓለም ይህ ቤት ብቻ ነበር። እዚህ እየመጣ የሚዘፍንለት ማን ነበር?»

«አያችሁ!» አለች ዚነት። «ልወዳደር አልችልም ብላ ቀደመችን።»

አራት ዝምታ አለ፣ ለሦስታችሁ ላካፍል ማለት ጀመርኩ። ሳልጨርስ ሦስቱም በአንድ ድምፅ እንቢ አሉ። እትዬ ብርቅነሽ፣ «ቢፈልግ ‹የእነሱ› ይል ነበር» አሉ። ዚነት፣ «እሱ በሕይወቱ ከአንድ በላይ ተቀባይ አቁሞ አያውቅም» አለች። ትርሲትም፣ «ጠሪ ሲጣራ አንድ ሰው ነው የሚነሣው» አለች። በዚህ በአንዱ ነገር ተስማሙ፤ ተስማምተውም ሻያቸውን ጠጡ። ሦስቱም ሲወጡ ሳሙኝ፤ ማንም አላኮረፈም። ግን እያንዳንዷ በየቤቷ መልሱን እያንጎራጎረች እንደምትለማመድ አውቃለሁ፤ ባይሰጣትም ምን እንደሚያጎድልባት አውቃለሁ። ከእሱ ጋር የሚዘፈን ሌላ ዘፈን ከእንግዲህ የለምና።

እትዬ ብርቅነሽን እስከ በር ደግፌ ሸኘኋቸው። ደፉ ላይ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ዳምጠው መንገድ ላይ አግኝቶኝ አንድ ነገር አጫወተኝ። ነጭ ሽንኩርት ስትልጪ ‹አቤት› ብለሽ ተነሣሽ አሉ።»

«ልማድ ነው፣ እትዬ። ልማድ ዘፈን አይሆንም። እኔ ማኅበር ላይ እንኳ ሲዘመር ከንፈሬን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው።»

«እኔ ምን አልኩ?» ብለው ከዘራቸውን አስቀድመው ወረዱ።

ዳምጠው ማክሰኞ ይመጣል። ካሴቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እሱ በጣቱ ይመታው በነበረው ጠረጴዛ ላይ። እትዬ ብርቅነሽ ዝም ብለው ዘፋኝ አደረጉት። ዚነት ወንበሩን ጠብቃ ዘፋኝነቱን አቆየችለት። ትርሲት ዘፍናለት አንደበቱን መለሰችለት። ሦስቱም ባይኖሩ እኔ የማለቅስለት፣ አሁንም እያሰብኩ የምስቅበት ሽመልስ አይኖርም ነበር። ለማንኛቸውም ብሰጥ አልጸጸትም፤ ማንኛቸውንም ብነሣ ግን አዝናለሁ።

ጠሪው ተጣርቷል፤ ዐሥራ ስድስቱን ምት እየቆጠረ ይጠብቃል። እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ «እሷ» ማናት?