አያ ጅቦ ለቋንጣው ያወጣው የመንገድ ስም

አንድ ጊዜ ድርቅ ሊመጣ መሆኑን የሰሙ የደጋ አውሬዎች ስንቃቸውን አስቀድመው ወደ ቆላ ሊያወርዱ ተስማሙ። ጦጣዎች ጭነቱን ከደጋ እስከ ወንዙ ያወርዳሉ፤ ከወንዙ ወዲያ የቆላ ከርከሮዎች ተረክበው በየዋሻው ያስቀምጡታል። ረሃቡ ሲገባ ደግሞ ከርከሮዎቹ ባለቤቱን መርተው ስንቁ ዘንድ ያደርሱታል። ከርከሮዎች የደጋውን አውሬ አንዱን ከሌላው ስለማይለዩ የሚያምኑት የመንገዱን ስም ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለስንቅ ከወንዙ ጀምሮ ዛፉንና ዋሻውን በተራ እየጠራ ለመንገዱ ስም ማውጣት ነበረበት።

ስሞቹን እንድትመረምር አህያ ተመረጠች። ጨው ጭና ቆላውን ስትመላለስበት ስለኖረች፣ እዚያ የሚሠራውንና የማይሠራውን ታውቃለች። ጭላዳ ግማሹን በፉጨት የሚጠራ ስም ይዞ ሲመጣ፣ ከርከሮ ማፏጨት አይችልም ብላ አስለወጠችው። ጃርት ቅድመ አያቶቹን ሁሉ የደረደረበትን ስም፣ መንገድ ላይ ይረሳል ብላ አሳጠረችበት። ሁለቱም ትንሽ አጉረምርመው ተቀበሉ።

በመጨረሻ አያ ጅቦ ከሚስቱ ከጅቢትና ከልጆቹ ጋር መጣ። ያለው ሀብት አንድ ጭነት ቋንጣ ነው፤ እሱ ከጠፋ ልጆቹ ድርቁን የሚሻገሩበት ሌላ ነገር የለም። ግን እንዲህ ያለ ቋንጣ እንደ ጭድ በተራ ስም ሲጠራ መስማቱ ክብሩን ነካው። ጉሮሮውን ጠርጎ «ከጌታዬ አንበሳ ወንዝ፣ በጌታዬ አንበሳ ሾላ፣ ወደ አያ ጅቦ ዋሻ» ሲል አሰማ።

አህያ ከእሾህ አጥሩ ወዲያ ሆና አዳመጠች። ስምምነት ቢኖርም ጅብን በቅርብ ማነጋገር አትወድም።

«አያ ጅቦ፣ አንበሳን ያውጡት» አለች። «በቆላ አንበሳ ተብሎ የሚጮኸው እሱ ሲመጣ ብቻ ነው። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል።»

«እዚህ ስጠራው ማን ሮጠ?»

«እዚህማ አንበሳ የለም።»

ይህን ጊዜ ቀበሮ ጠጋ አለ። የእሱ ስንቅ ጥቂት የደረቀ አይጥ ነው፤ ስሙም «ወንዙ፣ ሾላው፣ ቀዩ ዋሻ» ብቻ ስለሆነ ወዲያው አልፎለታል። ጭነት ተሸካሚ ስለ ክብር ምን ያውቃል፣ የአንበሳ ስም ያለበትን ቋንጣስ ማን ደፍሮ ይነካዋል ብሎ በጅቦ ጆሮ አንሾካሾከ። ጅቦ ደረቱን ነፋ። ጅቢት የልጆቹን ነገር አንስታ ብትለምነው፣ «አንቺም ማናፋት ጀመርሽ?» አላትና ስሙን ሳያሳርም ጭነቱን ለጦጣዎቹ ሰጠ።

ቋንጣውን የተሸከመችው ጦጣ ወንዙ ዳር ደርሳ ስሙን ጮክ ብላ ጠራች። ከርከሮዎቹ «አንበሳ» የሚለውን እንደሰሙ ጭራቸውን ሽቅብ አቁመው ተፈተለኩ፤ እሷም ሲሮጡ አይታ ዛፍ ላይ ወጣች። ቋንጣው ዳርቻው ላይ ቀረ። ከኋላ ከኋላ ሲከተል የመጣው ቀበሮ ከርከሮዎቹ እስኪመለሱ ጠበቀና፣ ጭነቱን እያሳየ፣ ይሄም የቀዩ ዋሻ ነው አላቸው። ከርከሮዎቹም አመስግነው ተሸከሙለት።

ድርቁ ገባ። ሁሉም ወደ ቆላ ወርዶ ስሙን እየጠራ ስንቁን ያገኝ ጀመር። አያ ጅቦም ተራው ደርሶ ጮኸ፤ ከርከሮዎቹ ሮጡ። ተመልሰው ሲመጡ ቀስ ብሎ ደገመው፤ አሁንም ሮጡ።

«አየሽ ስሙ እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ» አላት ለሚስቱ።

«አየሁ። አሁን ልጆቹን ማን ይመራቸዋል?»

ወዲያው ቀበሮ ቋንጣ እያላመጠ በአጠገባቸው አለፈ። ጅቦ የገዛ ሥጋውን በሽታው አወቀው፤ ሌባ ብሎም ያዘው። ቀበሮ አልተቆጣም፤ ከርከሮዎቹ ይጠየቁ አለ። እነሱም ቋንጣው «ወንዙ፣ ሾላው፣ ቀዩ ዋሻ» በሚለው ስም የገባ መሆኑን መሰከሩ። እውነታቸውን ነው።

ጅቢት አህያ ወደቆመችበት ጉብታ ቀና ብላ፣ «እሜቴ፣ ስሙን አሁን ብታርሚልን?» ስትል ለመነች።

«ስሙንማ አሁኑኑ አርምላችኋለሁ» አለች አህያ። «ቋንጣው ግን አይመለስም።»

ጅቢት ልጆቿን ይዛ ከርከሮዎቹ የሣር ሥር እየማሱ ወደሚበሉበት ሜዳ ሄደች። ጅቦም ጥቂት አንገራግሮ ተከተላት። ልጆቹ የጎድን አጥንታቸው እስኪቆጠር ከሱ፤ ያ ኩሩ ጅብ ደግሞ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ አፍንጫውን አፈር ውስጥ ቀብሮ፣ ከከርከሮ ጎን ሆኖ የሣር ሥር ሲቆፍር ከረመ።

ከዚህ የምንማረው፣ የስንቅ መንገድም ይሁን ኮምፒውተር ውስጥ የምናስቀምጠው ፋይል አድራሻ፣ ያወጣንለት ስም በእኛ ቤት ስለሠራ ብቻ ሳንኮራ፣ በሚሄድበት አገር ሁሉ መሥራቱን ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ማስመርመር እንዳለብን ነው።