አንበሳው ፊት ያማተበችው ሴት

አንዲት የቤት ሠራተኛ ዝናብ በማያውቅ የበረሃ አገር፣ በውሸት ስም ትኖር ነበር። እናቷ ያወጣችላት ስም እታፈራሁ ነው። ፓስፖርቷ ላይ የተጻፈው ግን ዘይነብ። "እዚያ የሚፈልጉት ሙስሊም ሠራተኛ ነው" ብሏት ነበር ደላላው። "ስም እንደ ጫማ ነው፤ ስትመለሺ ታወልቂዋለሽ።" ማተቧን በጥሳ ለእህቷ ሰጠችና አውሮፕላን ተሳፈረች።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ጫማው እግሯን መላጡን አልተወም። ከተነቃባት ባዶ እጇን እንደምትባረር ደላላው አስጠንቅቋታል። በእንቅልፏ እንኳ እንዳታወራ አፏን በሻሽ አስራ ትተኛ ነበር።

አንድ ቀን አሠሪዋ ማዳም ትንሿን ልጇን ሪምን ይዛ መካነ አራዊት ስትሄድ እሷንም አስከተለቻት። ውጭው ይፋጃል። አንበሳው ግን ከወፍራም መስተዋት ጀርባ፣ ቀዝቃዛ አየር እየተነፋለት ተጋድሟል። ምሳው በበረዶ ውስጥ የተቀበረ ሥጋ ነው።

"ይሄ ከእኔ ይሻላል" አለች በልቧ። "ስሙን አልቀየሩበትም።"

ጀርባዋን ለመስተዋቱ ሰጥታ ከሪም አፍ ላይ አይስክሬም ስትጠርግ፣ አንበሳው ተወርውሮ መስተዋቱን መታው። ግሣቱ መሬቱን አነቃነቀው።

"በስመ አብ ወወልድ!"

ቃሉ አምልጧት ወጣ። እጇም አልጠበቃትም፤ ግንባሯ፣ ደረቷ፣ ግራ ትከሻዋ፣ ቀኝ ትከሻዋ።

በዙሪያዋ የቆሙት ሰዎች በድንጋጤዋ ሳቁ። ሪም ግን አይኗን አፍጥጣ ስታያት ቆየችና፣ "ማማ፣ እዪኝ! እንደ ዘይነብ!" እያለች በትንሽ ጣቷ ግንባሯን፣ ደረቷን፣ ትከሻዎቿን ነካካች። ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ።

ማዳም አየች። የሪምን እጅ ይዛ መንገዷን ቀጠለች።

ዝሆኑን አለፉ፤ ቀጭኔዋን አለፉ። እታፈራሁ ያየችው የማዳምን ጀርባ ብቻ ነበር።

ሲመለሱ ሪም መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ማዳም መሪውን እንደያዘች ፊት ለፊቷ ባለው መስታወት ከኋላ የተቀመጠችውን እታፈራሁን አየቻት።

"ረቡዕና ዓርብ ሆድሽን ያምሻል" አለች። "በየሳምንቱ። ለሐኪም ብናገር ይስቅብኛል።"

እታፈራሁ ዓይኗን ከመስታወቱ አሸሸች።

"ረመዳንንም ከእኛ ጋር ጾምሽ። ምስኪን! የሁለት ሰው ጾም ለብቻሽ።"

"ማዳም… ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?"

"ከመጀመሪያው ወር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ለማን እንደምትጸልዪ ምን አገባኝ? ግን ትፈሪ ነበር። የፈራ ሰው እረፍት አይጠይቅም፣ ከጎረቤት አያወራም፣ አይጠፋም። አንድ ቀን እንኳ በር ቆልፌብሽ አውቃለሁ?"

አንበሳው ሲወረወርባት እንዲህ አልቀዘቀዘችም። ያን ሁሉ ሌሊት አፏን ያሰረችው ለካ ሁሉን ከሚያውቅ ሰው ለመደበቅ ነበር። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ፣

"ስሜ እታፈራሁ ነው" አለች። "በሳምንት አንድ ቀን እረፍት እፈልጋለሁ። እርስዎ ጋ ያለውን ፓስፖርቴንም።"

ከገቡ በኋላ ማዳም የውጭውን በር ቆለፈችና ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነበር። እታፈራሁ የማዳም እጅ ቦርሳውን ለመዝጋት ሲቸገር አይታ አንድ ነገር ገባት፦ ዛሬ እዚህ ቤት ውስጥ የፈራችው እሷ ብቻ አይደለችም።

አንዳንዴ ምስጢራችንን የምንደብቀው ሰው ቀድሞ ያውቀዋል። ዝም የሚለን አዝኖልን ሳይሆን ፍርሃታችን ስለሚያገለግለው ነው። ቁልፍ የሚፈልገው ፍርሃታችን ሲያልቅ ብቻ ነው።

እናንተስ፣ ሁሉን ካወቀባችሁ ሰው ስትደበቁ ስንት ዓመት ሆናችሁ?