የወረደው ጣሳ

በአንድ ወቅት ወንዝ ለሁለት የከፈላቸው መንደሮች ነበሩ። የወዲህኛውም የወዲያኛውም የየራሱ ጭቃ ሹም ነበረው፤ ስለዚህ እዚህ የተከለከለው እዚያ ይፈቀዳል። በወዲህኛው፣ ልክ ከወንዙ መሻገሪያ ፊት ለፊት፣ ዘርፌ የምትባል መበለት አረቄ እየሸጠች ትኖር ነበር። ደጇ ላይ በረጅም እንጨት ጫፍ ነጭ ጣሳ ደፍታ ሰቅላለች። ያንን ያየ መንገደኛ መጠጥ እንዳለ አውቆ ጎራ ይላል።

ከደንበኞቿ አንዱ ይመር ነበር። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ሐዘኑን በአረቄ ሊረሳ ሞከረ፤ አረቄ ደግሞ እንደ ውሃ ነው፣ እያሳሳቀ ይወስዳል። ዘርፌ ሁለት መለኪያ ትሰጠውና «በቃህ፤ አሁን ንፍሮ ቅመስና ወደ ልጅህ ሂድ» ትለዋለች። እሺ ብሎ ይሄዳል። ግን ነገም ይመጣል። በሬው ተሸጠ፣ ማሳው ጦም አደረ፣ ትንሿ ልጁ ትርንጎ ራቷን ከሰው ደጅ መጠበቅ ጀመረች።

ይህን አይታ ያልቻለችው የሟች ሚስቱ እህት ውዴ ናት። ድንጋይ ተሸክማ ሸንጎ ፊት ቆመች። «የእህቴ ልጅ የምትበላውን አባቷ እየጠጣው ነው። ስለ እመብርሃን ብላችሁ ይህን መጠጥ ከመንደራችን አጥፉልኝ» አለች።

ጭቃ ሹሙ ተገኝ የይመር ታላቅ ወንድም ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው ተረት እሱን አይመለከተውም፤ ቅን ፈራጅ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መንደር አረቄ የሸጠም የገዛም ይቀጣል። የተሰቀለ ጣሳ ሁሉ ይውረድ!» ሲል አወጀ። ለልጁ ሠርግ ያስጣለውን ጠጅም በገዛ እጁ ሜዳ ላይ ደፋው።

ዘርፌስ? ሌሎቹ ሻጮች ጣሳቸውን አውርደው በጓሮ በር መሸጣቸውን ቀጠሉ፤ የሹሙን ወንድም ብቻ ፈርተው ከደጃቸው ይመልሱታል። እሷ ግን ትርንጎ በደጇ ስታልፍ ዐይኗን አይታዋለች። ነገ ምን እንደምትበላ ሳታውቅ ማሰሮዎቿን ሰበረች፣ ጣሳዋን አወረደች፤ ለቁርጠት መድኃኒት ያስቀረቻት አንዲት ጠርሙስ ብቻ ናት። ይመር ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ይመርዬ፣ አረቄ የለም። ንፍሮ ግን አለ፣ ግባ» አለችው።

«ንፍሮውን ለሹሙ ወንድሜ አስቀምጪለት» ብሎ ሳቀና ወደ ማዶ ተሻገረ። ማዶ ደግሞ በቃህ የሚለው ሰው አልነበረም።

ክረምት ገባ። አንድ አመሻሽ ላይ ጭጋግ ወንዙን ሸፈነው። ዘርፌ እሳት ዳር ተቀምጣ ሳለች ከማዶ ድምፅ ሰማች።

«ዘርፌ! ኧረ ዘርፌ!»

ይመር ነው። መጠጥ ፍለጋ የሚጣራ መሰላት። ብትወጣ አንጀቷ እንደማይችል፣ ያችን ጠርሙስ እንደምትሰጠው ታውቃለች። ጋቢዋን ጆሮዋ ላይ ሳበች። ደጋግሞ ጠራት፤ ከዚያ ዝም አለ።

በማግስቱ ከመሻገሪያው ወረድ ብሎ፣ ጥልቁ ውሃ ካለበት፣ በወዲያኛው ዳር ሞቶ አገኙት። ለትርንጎ የገዛው ሸንኮራ በጋቢው እንደታሰረ ነበር። ዘርፌ ከለቀስተኛው ጋር ተያይዛ ተሻገረችና ወደ ቤቷ ዞር ብላ አየች። ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤ ቤቷም መሻገሪያውም አይታዩም። በጭጋግ የሚሻገር ሁሉ፣ ከጭጋጉ በላይ ብቅ ብሎ የሚታየውን ነጭ ጣሳዋን እያየ ይረግጥ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ይህን ሹሙም፣ ውዴም፣ ራሷም አንድ ቀን አስበውት አያውቁም። ይመር የጠራት አረቄ ሽቶ አልነበረም፤ መንገዱ ጠፍቶት ነው። ዘርፌ እዚያው ተቀምጣ ደረቷን መታች።

ዐርባው እንደወጣ ሽማግሌዎች ትርንጎን ማን ያሳድጋት ብለው ተቀመጡ።

ውዴ፣ «የእህቴ ሥጋ ናት። እንዳትራብ ብዬ ለመንኩ፤ ልመናዬ አባቷን ካሳጣት እናት ልሁናት» አለች።

ተገኝ፣ «የወንድሜ ልጅ ናት። ቃሉ የወጣው ከኔ አፍ ነው። ሌላ ሰው ቢክስልኝ እኔ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?» አለ።

ዘርፌ ለልጅቱ ዘመድ አይደለችም። ብዙ ልትናገር አስባ መጥታ ነበር፤ አፏን ስትከፍት ግን፣ «ሲጠራኝ ሰምቼ ነበር» ከማለት በቀር ሌላ አልወጣትም። ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ዕለት ማለዳ ባዶውን ጣሳ መልሳ ሰቅላዋለች። ተገኝ በዚያ ሲያልፍ አይቶታል፤ አውርጂው አላላትም።

በመጨረሻ ልጅቱን ጠየቋት።

«አባቴ ሲመጣ ከማዶ የሚያየው ቤት» አለች ትርንጎ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «እንግዲህ የዘርፌ ቤት ነዋ» አለ። ሌላው፣ «አባቷን የበላ ውሃ ዳር አስቀምጠን፣ የማይመጣ ሰው ስትጠብቅ ትደግ?» አለ። ሳይፈርዱ መሸና ተነሡ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ትርንጎ የምትገባው ለማን ነው? ለለመነችው፣ ላወጀው ወይስ ለታዘዘችው?