ቤተ ክርስቲያን የሌለው የሮሽቬል ደወል

በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከፍ ካለው የድንጋይና የሣር አምባ ላይ፣ ሮሽቬል የምትባል አሥራ አራት ቤት ያላት መንደር አለች ይባላል። በበጋ አገር ለማየት የሚመጣው እንግዳ መኪናውን ከታች ወንዙ ዳር አቁሞ፣ ዳገቱን እያለከለከ ወጥቶ መንደሯ ሲደርስ፣ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ከቤቶቹ መካከል ብቻውን በቆመው የድንጋይ የደወል ማማ ላይ ነው። «ቤተ ክርስቲያኑስ የት አለ?» ብሎ የማይጠይቅ የለም። ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ኖሮም አያውቅም። በማማው ውስጥ ከገመዱ ጎን አንድ ትልቅ የመዳብ ድስት በሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ እሱንም ምንድን ነው ብለው ይጠይቃሉ። የመንደሩ ሰው እንግዳውን ደወሉን ሦስት ጊዜ እንዲደውል ይፈቅድለታል፤ ከሦስተኛው በኋላ ግን አንዲት አባታችን ሆይ ተደግማ እስክታልቅ ማንም ትንፍሽ አይልም። ፎቶ አንሺውም፣ ሕፃን ያዘለውም ዝም ነው። ተሳስቶ ያወራ ቢኖር አሮጊቶቹ በዓይናቸው ያደርቁታል።

ሽማግሌዎቹ እንደሚናገሩት፣ ማማው ሳይሠራ በፊት፣ በዚያች መንደር አዛላይስ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሬይሞን በግ አርቢ ነበር፤ ከግድግዳ ማዶ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ፖንስም እንደዚያው። ከመንደሩ ፊት ለፊት ሰፊ የግጦሽ ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ወዲያ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ አለት አለ፤ በሜዳውና በአለቱ መካከል ያለው ገደል ግን ጠጋ ካላሉት በቀር አይታይም። ክረምት በረዶው ሜዳውን አልብሶት፣ በላዩ ጉም የወረደበት እንደሆነ፣ ሰው የገዛ እጁን ማየት ይሳነዋል። ያገሩ ሰው ይህን «ነጩ ጨለማ» ይለዋል።

አንድ ቀን ሬይሞን ከምሳ በኋላ የቀሩ በጎች ሊሰበስብ ወጣ፤ ጉሙም ወረደ። አዛላይስ ደጃፏ ላይ ቆማ «ሬይሞን! ሬይሞን!» እያለች ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ያለ ፋታ ጮኸች። ወንዶቹ ሊፈልጉት ቢነሡ ፖንስ ከበሩ ቆመና፣ «ወንድሜ ሞኝ አይደለም፤ ጉሙን አይቶ ቁልቁል ወርዷል። አሁን ወይን ጠጅ ቤት ተቀምጦ በእኛ እየሳቀ ነው። በዚህ ጉም የሚወጣ ሬሳ ነው የሚሆነው» አለ። ታላቅ ነውና ሰሙት። በረዶው ሲቀልጥ ሬይሞንን ከገደሉ ግርጌ አገኙት፤ ፊቱ ወደ አለቱ፣ ጀርባው ወደ ቤቱ ሆኖ።

አዛላይስ በፖንስ ላይ ጥርሷን ነከሰች። ምን ይደረግ፣ የሰው ልጅ ናት! ይሁንና ከቂሙ ይልቅ እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነገር ነበር። ያን ሜዳ እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው፣ ሚስቱ እየጠራችው፣ ምን ነክቶት ነው ለቤቱ ጀርባውን የሰጠው? ብታስበው ብታስበው መልስ አጣችለት። ድምፄ አልደረሰው ይሆናል ብላ ደመደመች። እንግዲያው ከእኔ ጉሮሮ የበረታ ድምፅ ያስፈልጋል አለች። ደወል። ከዚያች መንደር ከእንግዲህ አንድም ሰው በጉም አይሞትም ብላ ማለች፤ አዛላይስ ደግሞ አንዴ ከማለች፣ ማለች ነው።

ደወል በምን ይሠራል? በመዳብ። መዳብ ከየት ይመጣል? ከሰው ማድ ቤት። ቤት ለቤት እየዞረች ሴቶቹን የመዳብ ድስታቸውን ለመነች። አይብ የሚያረጉበት፣ ከእናት ለልጅ የሚወርድ ድስት ነው፤ እንዲህ በቀላሉ የሚሰጥ አይደለም። ገሚሱ አዝኖላት፣ ገሚሱ ልመናዋ ሰልችቶት ሰጣት። ሁለት ክረምት ፈጀባት። ፖንስ ብቻ አሻፈረኝ አለ። ብሩን የምትባለው ሚስቱ ድስቱን ልትሰጥ እጇን ስትዘረጋ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው! «የሞተ በደወል አይነሣም። ድስቴን ተዉልኝ፤ እኔ በሕይወት አለሁ፣ እበላበታለሁ።»

የታችኛው ሸለቆ ቄስም ደወሉን አልባርክም አሉ። «ደወል ለጸሎት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሌለው ደወል ምን ይባላል?» ብለው ተቆጡ።

«አባቴ፣ እኛስ የምንጸልየው ሰዎቻችን ቤታቸው እንዲገቡ አይደለም?» አለቻቸው አዛላይስ። ቄሱ ግን አልባረኩም። ደወሉ የድንጋይ ማማ ተሠርቶለት ሳይባረክ ተሰቀለ።

በሦስተኛው ክረምት፣ እኩለ ቀን ሳይሆን፣ ጉሙ እንደገና ወረደ። ብሩን ፀጉሯን ሳትሸፍን እየሮጠች መጥታ፣ «ፖንስ ሜዳው ላይ ነው!» ብላ ጮኸች። አዛላይስ ወደ ማማው ሮጠች። ወንዶቹን ጠርታ ገመዱን አስያዘቻቸው፤ እነሱም ላብ እስኪያጠምቃቸው ያለ ፋታ ደወሉት። አንድ ሰዓት ሆነ፤ ፖንስ የለም። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ የለም። «በርቱ! እንዳታቋርጡ!» ትላለች ብሩን። ብርዱ እንደሆነ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው የሚምር አልነበረም።

ከዚያ ከደዋዮቹ አንዱ እጁ ተላልጦ ገመዱን ለሌላው ሲያቀብል፣ ለአፍታ ዝም ሆነ። በዚያች አፍታ ከጉሙ ውስጥ፣ ከማዶ፣ ደወሉ ጮኸ። የገደል ማሚቶ ነው። ሁልጊዜ የሚያውቁት፣ ልጆች «ሁ!» እያሉ የሚጫወቱበት ማሚቶ ነው። አዛላይስ ግን ጆሮዋን ወደ አለቱ አቀናች።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። ሬይሞን ለቤቱ ጀርባውን የሰጠው ጥሪዋ ሳይደርሰው ቀርቶ አልነበረም። ደርሶታል እንጂ! ያለ ፋታ ስትጮህ ድምፅዋ ከደጃፏም ከአለቱም እኩል ተሰማ፤ እሱም ሁለቱን መለየት አቅቶት ሚስቱ ናት ብሎ ወደ አለቱ ሄደ። ስንት ዘመን ፖንስን ስትረግም ኖራ፣ ባሏን ወደ ገደሉ የጠራችው እሷው ራሷ ነበረች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ልቅሶውን ግን ለሌላ ቀን አቆየችው፤ ሜዳው ላይ ሰው አለ።

«አቁሙ!» አለች።

የሰማት አልነበረም። ዘላ ገመዱን በክንዷ ጠመጠመችውና ደወሉ እየተንገዳገደ ቆመ። ብሩን እንደ እብድ ተንጠለጠለችባት። «ይኸው በቀልሽ! ባልሽን አልፈለገም ብለሽ ባሌን ልትገድዪ ነው! እናንተ፣ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?» ወንዶቹም ፊታቸው ጠቆረ፤ ቂሙን የማያውቅ ማን ነበርና።

«ብሩን፣» አለች አዛላይስ፣ «መበቀል ብፈልግ ኖሮ፣ በርቱ፣ እንዳታቋርጡ እላቸው ነበር። ሬይሞንን የገደለው ይኸው ነው። ያለ ፋታ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ አለቱ የመለሰለት የእኔኑ ድምፅ ነው። ሦስት ጊዜ ይደወል፣ ከዚያ ዝም እንበል። መጀመሪያ የሚሰማው እኛ ነን፤ ኋላ የሚሰማው አለቱ ነው። ይለየው።»

የመንደሩ ሽማግሌ አባ ኡጎ በዱላቸው መሬት መቱና፣ «እሷ እንዳለችው አድርጉ» አሉ።

ሦስት ጊዜ ተደወለ። ዝም ሆነ። ያ ዝምታ እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አይደለም። ሰው የሚወደው ሰው እየሞተ እጁን አጣጥፎ ዝም ማለት፣ ኧረ ከመጮህ ስንት እጅ ይከብዳል! ርዝመቱን የሚለካበት ያጣው ሰው በልቡ አንድ አንድ አባታችን ሆይ ይደግም ጀመር። ሦስት ደወል፣ አንድ አባታችን ሆይ። ሦስት ደወል፣ አንድ አባታችን ሆይ። ብሩን መሐረቧን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። አዛላይስ ገመዱን ለማንም አልሰጥም አለች፤ መዳፏ ደማ፤ ስንቴ እንደደወለች የቆጠረ የለም። በመጨረሻ፣ በአንዱ ዝምታ መካከል፣ ከጉሙ ውስጥ የበግ ሳል የመሰለ የሰው ድምፅ መጣ።

ፖንስ ጢሙ በረዶ ሆኖ፣ በአራት እግሩ እየዳኸ ገባ። አፉ ሲፈታ፣ «ደወሉ ከፊቴም ከኋላዬም ነበር» አለ። «በስተፊቴ ያለውን ተከትዬ ስሄድ፣ ዱላዬን ብሰነዝር መሬት አጣሁ። እዚያው ተቀመጥኩ። ኋላ ስታቋርጡት ሁለቱ ተለያዩ። አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይከተላል። የቀደመውን ይዤ መጣሁ።» ከዚያ ቀና ብሎ የአዛላይስን መዳፍ አየና አለቀሰ።

«ሬይሞንን ወደዚያ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ ፖንስ» አለችው።

«ሳልፈልገው የቀረሁት ደግሞ እኔ ነኝ» አላት። ተቃቅፈውም ያን የሦስት ዓመት ልቅሶ አለቀሱት።

በማግስቱ ፖንስ ድስቱን ተሸክሞ መጣ። አቅልጡት፣ ደወሉ ላይ ጨምሩት አለ። አዛላይስ እምቢ አለች። «ደወሉ ሞልቷል። ይህኛው እዚህ ይሰቀል፤ ዘግይቶም ቢሆን የመጣ መጥቷል» ብላ በገዛ እጇ ከገመዱ ጎን ሰቀለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሮሽቬል በጉም የሞተ ሰው የለም ይላሉ። እውነት ይሁን አይሁን እነሱ ያውቃሉ፤ እኔ የሰማሁትን ነው የምናገረው።

ደወሉም ድስቱም ዛሬ እዚያው ናቸው። በዝምታው ጊዜ አሮጊቶቹን ያስተዋለ ሰው፣ ወደ ደወሉ ሳይሆን ወደ ሜዳው እንደሚመለከቱ ያያል። ባለፈው በጋ ነው አሉ፣ አንድ እንግዳ ሦስቴ ደወለና ዝምታው ረዘመበት። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሜዳው አበባ በአበባ ነበር። «እማማ፣ በዚህ ጠራራ ፀሐይ ማን ይጠፋል ብላችሁ ነው?» ብሎ ሳቀ።

አጠገቡ የነበሩት አሮጊት ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ ክንዱን ያዝ አደረጉት።

«ዝም በል ልጄ» አሉት፤ «እንስማበት።»