የወይዘሮ እንጉዳይ የስለት ጃንጥላ

በአንድ ወቅት፣ በአንድ የገበያ ከተማ፣ ምላሳቸው ከሚሸጡት በርበሬ ይልቅ የሚፋጅ ወይዘሮ እንጉዳይ የሚባሉ ሴት ነበሩ። የጡት ካንሰር ይዟቸው ዕጢው በቀዶ ጥገና ወጣላቸው፤ መድኃኒቱንም ጨረሩንም ጨረሱ። ደንበኞቻቸው ከንፈር እየመጠጡ ሲያዝኑላቸው፣ «ከጡቴ እንጂ ከምላሴ አልቆረጡም!» ይሉ ነበር። «ከዚህ በሽታ ካወጣሽኝ» ብለውም ለማርያም ጃንጥላ ተሳሉ። ሐኪሙ በየዓመቱ እየመጡ የጡት ራጅ ፎቶ እንዲነሱ ቢነግራቸው ግን፣ «የዳነ ቁስል አይነካካም» ብለው እምቢ አሉ። የዚያን በሽታ ስም ዳግመኛ መስማት ፈርተው ነበር፤ ፈራሁ ግን አይሉም።

የበኩር ልጃቸው ምንይችል ዋሻቸው። «እማዬ፣ ለደም ግፊትሽ ነው» ብሎ የጡት ራጅ ክፍል አስገባቸው። ጡታቸው በሁለት ሰሌዳ መሐል ሲጨመቅ፣ «ደም ግፊት በጡት መለካት የጀመረው መቼ ነው?» ብለው ጮኹ። ፎቶው ግን ተነስቶ አልቋል። ከጠባሳው አጠገብ ነጭ ነገር ታየ።

ሐኪሙ ልጆቹን ለብቻቸው ጠርቶ፣ ከፎቶው በኋላ የተደረገው አልትራሳውንድም ነጩ ነገር ምን እንደሆነ እንዳልለየው ነገራቸው። «ለማንኛውም ጡቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ» አለ። ሴት ልጃቸው አዛለች፣ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም ብላ ወንድሞቿን አስማለች። ሐኪሙን ግን፣ «ጠባሳ ይሁን በሽታ ሳይለይማ ቢላዋ አታነሱባትም!» ብላ ተሟገተች። በሙግቷም ይበልጥ አጥርቶ የሚያሳይ ኤምአርአይ የሚባል ማሽን ወዳለበት ትልቅ ከተማ እናቷን አስላከች።

እዚያ ደግሞ እንጉዳይ ማሽኑን ሲያዩ አሻፈረኝ አሉ። «አንዴ ተታለልኩ፤ ሁለተኛ አልሞኝም!» የመጨረሻው ልጅ ደስይበለው መሐላውን አፈረሰ። «እማዬ፣ በሽታው ተመልሶ እንደሆነ ለማየት ነው። አንቺው ወስኚ» አላቸው።

እንጉዳይ አለቀሱ። ከዚያ ብረት ወደ ማሽኑ አይገባምና የአንገታቸውን መስቀል አውልቀው ሰጡትና፣ «እኔ ነኝ ይህን በሽታ የምፈራው? እሱ ይፍራኝ!» ብለው ገብተው ተኙ።

ነጩ ነገር ጠባሳ ብቻ ሆነ። በሌላኛው ጡታቸው ውስጥ ግን ማንም ያልጠረጠራት፣ ምስር የምታክል ዕጢ ተገኘች። ናሙናዋ ሲመረመር ካንሰር ነበረች፤ ሳትስፋፋ ወጣች።

ስለቱ በሚገባበት ቀን ልጆቹ ጃንጥላውን ዘርግቶ ለመግባት ተሻሙ።

«እኔ ባልዋሽ ፎቶውን መች ትነሳ ነበር?» አለ ምንይችል።

«እኔ ባልሟገት ጡቷ በከንቱ ይሄድ ነበር» አለች አዛለች።

«እኔ ባልነግራት ማሽኑ ውስጥ መች ትገባ ነበር?» አለ ደስይበለው።

«ገብቼ የተኛሁት እኔ!» ብለው እንጉዳይ ነጠቋቸው። ክንዳቸው ግን ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ከትከሻ በላይ አልነሳ ይላል። «በጥርሴም ቢሆን እይዘዋለሁ!» እያሉ፣ ጃንጥላው እንደታጠፈ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመዋል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ጃንጥላውን ማን ይዘርጋው? የዋሸው፣ የደበቀችው፣ መሐላ ያፈረሰው ወይስ አልበገርም ያሉት እናት?